የሁለት እናቶች እንግሊዝኛ

ወንድሜ ያገባው በስልክ ነው ማለት ይቻላል። እሱና ሚስቱ በሚኖሩበት ሩቅ አገር አንድ ቢሮ ገብተው ፈርመው ወጡ፤ እኛ ደግሞ ስፌት ቤታችን ውስጥ ስልኩን በክር ጥቅልል አስደግፈን አየናቸው። እናቴ ለዕለቱ ብላ አዲስ ቀሚስ ሰፍታ ነበር። ስልኩ ከአንገቷ በታች እንደማያሳይ ስትረዳ ብድግ አድርጋ አነሳችውና፣ ከኮሌታው እስከ ጠርዙ ድረስ ቀሚሷን አስጎበኘቻቸው።

ወንድሜ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ከሚስቱ ጋር የተዋወቁት እንግሊዝኛ ሲማሩ ነው። መምህሩ እሱን ባለ ሱቅ፣ እሷን ገበያተኛ አድርጎ ያነጋግራቸዋል። ወንድሜ ቃሉ ሲጠፋበት የሌለ ዕቃ ሁሉ «አለ» ይላታል፣ እሷም ትስቃለች። ከዚያ በኋላ ከክፍል ውጭም መገበያየቱን ቀጠሉበት። እሱ የእሷን አገር ቋንቋ አያውቅም፤ እሷም የእኛን አታውቅም። ትዳራቸው የቆመው በእንግሊዝኛ ነው።

በስልኩ ሌላኛው ጥግ የሙሽራይቱ እናት ነበረች። የእሷ አገር ደግሞ ሦስተኛ አገር ነው። ትከሻዋ ሰፊ፣ ጸጉሯ አጭር፣ የከተማ አውቶቡስ የምትነዳ ሴት ናት። እናቴ ይህን ስትሰማ «አውቶቡስ? ያንን ትልቁን?» ብላ ሁለቴ ጠይቃለች።

የዕለቱ ጨዋታ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። እናቴ ለወንድሜ በእኛ ቋንቋ ትናገራለች። ወንድሜ ለሚስቱ በእንግሊዝኛ ያቀብላል። ሚስቱ ለእናቷ በራሳቸው ቋንቋ ትነግራለች። መልሱም በዚያው መንገድ እየተንገዳገደ ይመለሳል።

እናቴ ተነሥታ ቆመች። «እንዲህ በላት። ልጄን ልጅሽ አድርጊልኝ፤ ልጅሽም ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ልጅ ናት። እኔና አንቺ ሳንተያይ እህትማማች ሆነናል። ክፉ ቀን ቢመጣ ሩቅ ናት ብለሽ እንዳትተይኝ፤ ጥሪኝ።»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠራርጎ አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ሚስቱ ከዚያ የባሰ አጭር ነገር ለእናቷ ነገረች። ሹፌሯ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እሷም በተራዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጀመረች። ተናገረች፣ ተናገረች፣ መሐል ላይ ዐይኗን ጠረገች፣ በጣቷ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ አንድ ፎቶ አመለከተች፣ አሁንም ተናገረች። እናቴ አንድ ቃል ሳይገባት አብራ እንባዋን ትጠርግ ነበር።

ሲያበቃ ወንድሜ ወደ እናቴ ዞረ። «ሰላም ብላሻለች» አላት።

«ይሄን ሁሉ ሰላም ለማለት?»

«አዎ… ደስ ብሏታል። እንደዚያ ነው።»

ሰፈራችን እናቴን «መርፌ» ብሎ ነው የሚጠራት። አንድም ለሥራዋ ነው፣ አንድም ለምላሷ። ያን ቀን ግን መርፌ ልጇን አልወጋችም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የተቆረጠ ጨርቅ አንሥታ ማሽኑ ሥር አስገባች፤ ግማሽ ስትሰፋ ቆም አለችና «ልጄ ቃሌን ቆርጦ ጥሎታል» አለችኝ።

«እማዬ፣ ቢጨንቀው ነው። ሌላ ጊዜ እኔ ላስተርጉምልሽ፤ እንግሊዝኛ እኮ ትንሽ እችላለሁ።»

በመነጽሯ ላይ አየችኝ። «አንቺስ የእሱ እህት አይደለሽ?»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ለአዋቂዎች በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ክፍል ተመዘገበች።

መምህርቷ ከእኔ የምታንስ፣ ቀጠን ያለች፣ ትዕግሥቷ የማያልቅ ልጅ ናት። መጽሐፉ በአውሮፕላን ማረፊያ ይጀምራል። ተሳፋሪው ሻንጣውን ያስረክባል፣ በመስኮት በኩል መቀመጥ ይፈልጋል፣ ሻይ ይጠይቃል። እናቴ ሁለት ቅዳሜ ታገሠች። በሦስተኛው እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ መስኮት አጠገብ ልቀመጥ ብዬ የምለምነው ሰው የለኝም። ያለችኝ አንዲት ሴት ናት። ለእሷ የምለውን አስተምሪኝ።»

«ለሷ ምን ማለት ነው የሚፈልጉት፣ እትዬ?»

እናቴ አሰበች። «እንዴት አደርሽ ልላትና መልሷን በጆሮዬ ልሰማ።»

መምህርቷ መጽሐፉን አጠፈች። ከዚያ በኋላ የክፍሉ ሰው ሁሉ የየራሱን ጉዳይ ማውጣት ጀመረ አሉ። አንድ ጡረታ የወጡ ጥበቃ ነበሩ፤ የእናቴ የውይይት ጓደኛ እሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በር ላይ ቆመው የለመዱት አንድ ነገር ስለሆነ፣ ምንም ቢጠየቁ መልሳቸው «የስ ሰር» ነው። እናቴ «ስንት ልጆች አሉዎት?» ስትላቸው «የስ ሰር»፤ «የት ነው የሚኖሩት?» ስትላቸው «የስ ሰር»። እሷም ተስፋ ቆርጣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ነገሩኝ» ትላቸዋለች።

ቤት ስትመለስ ቃሎቿን በወረቀት ቁራጭ ላይ እየጻፈች ከማሽኑ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ በስፒል ትሰካለች። ደንበኛ ልብስ ሊለካ ሲገባ ግድግዳውን እያነበበ ይቆማል። ጸያፍ ሆኖ የታያት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ እየተቆጣች ነገረችኝ።

«ሂድ ማለት ጎ ነው፣ አይደል? ሄደ ማለትስ?»

«ዌንት።»

«ምን አገናኘው? የእኛ ግስ ሄደ፣ ሂድ፣ ይሄዳል፤ የትም ቢሄድ ዘመዱን አይክድም። ይሄ ግን ሌሊቱን ስሙን ቀይሮ ያድራል።»

ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ጸጉሯን አበጥራ፣ ያን የሠርግ ቀሚስ ለብሳ፣ ስልኩን ክሩ ላይ አስደገፈች። የሹፌሯን ቁጥር ከምራቷ በመልእክት ጠይቃ ወስዳለች። ለወንድሜ አልነገረችውም። እኔን «ከፈለግሽ ተቀመጪ፤ አፍሽን ግን ዝጊ» አለችኝ።

ሹፌሯ ስልኩን ያነሣችው አውቶቡሷ ውስጥ ሆና ነው። መነሻው ላይ ቆማ ተሳፋሪ የምትጠብቅበት ሰዓት ነበር፤ ከኋላዋ ባዶ ወንበሮች ይታያሉ። እናቴን ስታይ ደንግጣ ኮፍያዋን አወለቀች።

ከዚህ በኋላ የተባባሉትን የምነግራችሁ እንግሊዝኛቸውን ወደ እኛ ቋንቋ መልሼ ነው። ስህተቱንም አብሬ መልሼዋለሁ፤ ያለ ስህተቱ አያምርም።

«ሰላም» አለች እናቴ። «እኔ የልጅ እናት። የወንድ ልጅ።»

ሹፌሯ ቀስ ብላ፣ «አውቃለሁ። እኔ የሴት ልጅ። እኔም እንግሊዝኛ መማር። በጆሮ። አውቶቡስ ሲቆም» አለችና በጆሮዋ የሚሰካውን ማዳመጫ አሳየቻት።

«አንቺ መማር ለምን?»

«ሠርግ ቀን እኔ ብዙ መናገር። ልጄ ትንሽ መናገር። እኔ መቆጣት።»

እናቴ ጭኗን በእጇ መታች። «እኔም መቆጣት። በጣም መቆጣት።» ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ እስኪያልፍ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ለሳቅ ደግሞ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

«ያን ቀን ምን መናገር፣ አንቺ?» አለች እናቴ በመጨረሻ።

ሹፌሯ መሪው ላይ ተደግፋ ቃል ፈለገች። እናቴ አላቻኮለቻትም። «ፎቶው፣ ባሌ። ሞተ። ልጄ ትንሽ ነበረች። እኔ ብቻዬን። እኔ መንዳት፣ እሷ ከኋላ ወንበር ላይ መተኛት። አሁን እሷ ሩቅ። እኔ መፍራት፤ ማን ነው ይሄ ሰው? ከዚያ አንቺን አየሁ። ቀሚስ አሳየሽ። እኔ ለባሌ ፎቶ እንዲህ አልኩ፤ የዚህች ሴት ልጅ ክፉ አይሆንም።»

እናቴ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። ወደ እኔ ዞር ብላ በእኛ ቋንቋ፣ «ይሄ ነው ሰላም ብላሻለች የተባልኩት» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በየእሁዱ ተገናኙ። ቃል ሲያጥራቸው ዕቃውን ያመጡታል። ሹፌሯ ማርሹን፣ መስታወቱን፣ የፈረሰ ወንበር ታሳያለች፤ እናቴ ገበሩን፣ ሽብሽቦውን፣ የተበላሸ ዚፕ። አንድ ቀን ሹፌሯ ስለ ቤቷ ስትናገር በጣም አዝና፣ «ዶሮዬ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ መተንፈሻ የለም» አለች። እናቴ ግራ ተጋባች። «ሰው ዶሮ ውስጥ ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀች። ሹፌሯ ስልኩን ይዛ ሄዳ ወጥ ቤቷን አሳየቻት። በእንግሊዝኛ ወጥ ቤት ኪችን ነው፣ ዶሮ ደግሞ ቺክን። ሹፌሯ ስህተቷን ስታውቅ ፊቷን በኮፍያዋ ሸፈነች። እናቴ ግን ቃሉን ወደደችው። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መሐል ወጥ ቤት ዶሮ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ መምህርቷ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ እንግዳ ወደ ክፍል አመጣች። ደግ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። እናቴ ግን ጭራሽ ተናዳ ተመለሰች። «ቃሉን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ ያሟሟዋል። አንድም አልሰማሁት። ይሄን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው የደከምኩት።» በማግስቱ ለሹፌሯ ነገረቻት።

«እኔም አውቶቡስ ላይ አንድ እንግዳ መጣ» አለች ሹፌሯ። «እሱ መናገር፣ እኔ ዜሮ። አንቺ መናገር፣ እኔ ሁሉ። የእሱ እንግሊዝኛ ትንሽ የተበላሸ ይመስለኛል።»

እናቴ ይህን ሳምንቱን ይዛ ቆይታ ለመምህርቷ አቀረበችላት። መምህርቷ ስቃ ስታበቃ፣ «እትዬ፣ በዓለም ላይ እንግሊዝኛን ተምረው የሚናገሩት ተወልደውበት ከሚናገሩት በጣም ይበልጣሉ። ብዙዎቹ እናንተ ናችሁ» አለቻት። እናቴ ያን ዕለት ወደ ቤት ስትገባ ቀጥ ብላ ነበር የምትራመደው።

የወንድሜ ሚስት ጸነሰች። እሁዶቹ ረዘሙ። ስለ ማቅለሽለሽ፣ ስለ እግር ማበጥ፣ ስለ ሕፃን ልብስ ሲያወሩ ቃል አላጠራቸውም፤ ያወቁትን ሁሉ አወጡት። እኔ ስልኩ አጠገብ መቀመጤን ራሴ ተውኩት።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ሥራ ይበዛብናል። ያን ቀን ከሰዓት ስፌት ቤቱ በዩኒፎርም ተሞልቶ፣ እኔ ጠመኔና መቀስ ይዤ ቆሜ፣ እናቴ ኪስ እየለጠፈች ሳለች ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

«እማዬ፣ ሆስፒታል ገብታለች። ሁሉም ደህና ነው። አትጨነቂ።»

«ከቀኗ በፊት ነው እኮ።»

«ደህና ናት አልኩሽ። ትንሽ… እልህ ይዟታል እንጂ ደህና ናት። በኋላ እደውላለሁ።»

ዘጋው። እናቴ ማሽኑን አቆመች። «እውነቱን ሲያሳጥር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ» አለችና ወደ ሹፌሯ ደወለች። አልተነሣም። እንደገና ደወለች። ጥቂት ቆይቶ ሹፌሯ ራሷ ደወለች፤ ተሳፋሪዎቿን መጨረሻው ፌርማታ ላይ እስክታወርድ ድረስ ስልኩን መንካት አልቻለችም። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ልጅሽ ምን አለ?» አለች።

«ደህና። እልህ። ብቻ።»

«ደህና አይደለም። ደም ግፊት። ከፍ፣ ከፍ። ሐኪም ሆድ መቅደድ ይፈልጋል። ልጄ እምቢ።»

«እምቢ ለምን?»

ሹፌሯ ወደ ባዶው አውቶቡስ ዞር ብላ ቆየች። «እኔ እህት ነበረችኝ። ሆዷ ተቀደደ። አልነቃችም። ልጄ ትንሽ፣ እዚያ ነበረች፣ አየች። ልጅሽ ይህን አያውቅም፤ አልነገረችውም። አሁን እኔ እሺ በይ ማለት አለብኝ። እኔ ስልክ አነሣሁ፣ አፌ እምቢ። እኔም መፍራት።»

እናቴ በእጇ የያዘችውን ኪስ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ «አትዝጊ። እኔ መናገር። አንቺ አብረሽ» አለቻት፤ ለእኔም ስልኩን ሰጥታ «ወንድምሽን ጨምሪው፤ ሦስታችንም እንተያይ» አለችኝ።

ወንድሜ ኮሪደር ላይ ነበር። «እማዬ፣ አሁን ጊዜው…»

«ስልኩን ለሚስትህ ስጣት።»

«ምን ልትያት ነው? ንገሪኝና እኔ ልተርጉምልሽ።»

«ስጣት፣ ልጄ።»

በር ተከፈተ። የአንዲት አዋላጅ ፊት ታየ፤ በፍጥነት አንድ ነገር ተናገረች። እናቴ እጇን አነሣች። «ይቅርታ። ቀስ። እኔ ተማሪ።»

አዋላጇ ቆም አለች። ፊቷ ላላ። «እኔም ተማሪ ነበርኩ» አለች። «እኔም የመጣሁት ከሌላ አገር ነው። ቀስ እላለሁ።» ከዚያ አንድ በአንድ፣ ቃሉን እየለየች ነገረቻቸው። ግፊቱ ከፍ ብሏል። ለእናትም ለልጅም ቢወጣ ይሻላል። አሁን ጊዜ አለ፤ ብዙ ግን አይደለም። የሚወስነው ሰው ግን እሷ ራሷ ናት። እናቴም ሹፌሯም እያንዳንዱን ቃል ሰሙ፤ እኔ ስልኩን ይዤ አየኋቸው፣ ሁለቱም በየአገራቸው በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሦስት ሴቶች፣ ሦስት አፍ መፍቻ፤ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን የማናቸውም አልነበረም።

አዋላጇ ስልኩን ወደ አልጋው ወሰደችው። ምራታችን ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያ ታስሮ ተኝታለች።

«ልጄ» አለች እናቴ። እስከዚያ ቀን በቀጥታ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተው አያውቁም። «እኔ። የባልሽ እናት።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ሥራ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ግራ ተጋብታ አየቻት። «ልብስ መስፋት።»

«ስለዚህ እኔ ስፌት አውቃለሁ። አሁን አንቺ ማየት።»

ለእኔ በእኛ ቋንቋ «በሩን ዝጊው» አለችኝ። ዘጋሁት። እናቴ ተነሥታ ሸሚዟን ከፍ፣ የጉርድ ቀሚሷን ወገብ ዝቅ አድርጋ ከእምብርቷ በታች ያለውን ጠባሳ በጣቷ ከዳር እስከ ዳር አሳየቻት። እኔ መኖሩን አውቃለሁ፤ በቅጡ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ነጣ ያለች፣ ቀጭን መስመር ናት።

«ባልሽ በዚህ ወጣ። ሕፃን ሆኖ ተጣመመ፣ በሩን እምቢ አለ። ሐኪም ቆረጠ። ሐኪም ሰፋ። እኔ የሰው ስፌት ሁሉ አያለሁ፣ መጥፎ እላለሁ፤ ልጄን ጠይቂ። ይሄ ግን ጥሩ ስፌት። ያኔ ተሰፋ፣ እስከ ዛሬ አልተተረተረም። እኔ ማሽን እረግጣለሁ። ጨርቅ እሸከማለሁ። እስቃለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ልጅ ወለድኩ። እሷ አሁን ስልክ ይዛለች።»

ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩና ጠመኔ በጠመኔ የሆነ እጄን አወዛወዝኩላት።

ምራታችን ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች። «አንቺ ፈርተሽ ነበር?» አለች።

«በጣም። እግሬ እንዲህ።» እናቴ እጇን አንቀጠቀጠች። «እየፈራሁ ገባሁ። እየሳቅሁ አልወጣሁም። ግን ወጣሁ።»

በዚህ ጊዜ ሹፌሯ መናገር ጀመረች፤ በራሳቸው ቋንቋ። እኛ ምንም አልገባንም። መጀመሪያ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር፣ በኋላ ጠነከረ። ልጅቷ እያለቀሰች ታዳምጣለች። መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል መለሰች። አዋላጇ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች።

ሹፌሯ በእንግሊዝኛ፣ «እሺ አለች» አለች።

አዋላጇ ልጅቷን ራሷን ደግማ ጠየቀቻት። እሷም በእንግሊዝኛ እሺ አለች። ክፍሉ በአንዴ ተንቀሳቀሰ፤ ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ስልኩ ወደ ወንድሜ ተመለሰ። ወንበር ሰጥተው አስቀምጠውታል፤ በእጁ የውሃ ብርጭቆ ይዟል።

«እማዬ» አለ፤ «እኔ በኦፕራሲዮን ነው እንዴ የተወለድኩት?»

«መች ጠየቅኸኝ?» አለች እናቴ። «አሁን ውሃህን ጠጣና ከበሩ አትራቅ።»

ወንድሜ ዘጋ። ሹፌሯና እናቴ ግን አልዘጉም። ሌላ ሹፌር ተተክቶላት እሷ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ገብታ ተቀመጠች። ያላቸውን ቃል ሁሉ ጨርሰዋል። ለእንዲህ ያለው ጥበቃ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ቃል ያለ አይመስለኝም። እናቴ እጇ ሥራ ሲፈታ አይሆንላትም፤ ትንሽ ተቁነጥንጣ «ድምፁ ይረብሻል?» ብላ ማሽኑን አሳየቻት።

«ስፊ» አለች ሹፌሯ። «ድምፁ ጥሩ ነው። ሰው ያለ ይመስላል።»

እናቴ ኪሱን አነሣች። አንዱን ሰፍታ ሌላውን፣ እሱን ሰፍታ ሌላውን። ሹፌሯ ዐይኗን ጨፍና፣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ታዳምጥ ነበር። እኔ ቆረጣዬን ቀጠልኩ። ከውጭ የመንገዱ ድምፅ ይሰማል፤ ደንበኛ በሩን አንኳኩቶ ሄደ፣ አልከፈትነውም።

ወንድሜ ሲደውል ወደ ሁለቱ እናቶች ጨመርኩት። ስልኩን ወደታች አዞረው። በፎጣ የተጠቀለለ፣ ቀይ፣ የተቆጣ ፊት አየን። ሴት ልጅ ናት። ከዚያ አዋላጇ ከበስተኋላው ብቅ ብላ፣ ለእናቶቹ ብላ ቀስ አድርጋ፣ «እናትየው ነቅታለች። ደህና ናት። ተሰፍታለች» አለች።

ያን ጊዜ የሁለቱም እንግሊዝኛ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሹፌሯ በራሷ ቋንቋ፣ እናቴ በእኛ ቋንቋ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ፣ ያለማቋረጥ ተናገሩ። ማንም ማንንም አልጠየቀም፣ ማንም ምን አልሽ አላለም። እናቴ የምትለውን እኔ ሰምቻለሁ፤ የአያቶቿን የምርቃት ቃል በሙሉ አንድ በአንድ እያወጣች ታፈስሰው ነበር። ሹፌሯም የእሷን አያቶች ሳታወጣ አልቀረችም።

ሕፃኗ መቀመጥ ስትለምድ ወንድሜ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ እኛ መጣ። ሹፌሯ የዕረፍት ፈቃዷን ወስዳ ከአገሯ ለብቻዋ ልትመጣ ተቀጣጠሩ። እናቴ ስፌት ቤቱን ዘግታ ቤቱን ስታገላብጥ ሰነበተች። መጋረጃው ሁሉ ወርዶ ታጥቦ ተሰቀለ፤ አንዱ አላማራትም፣ አውርዳ በአዲስ ቀየረችው። ሹፌሯ በምትደርስበት ዕለት ወንድሜ ሊቀበላት ሄደ። እናቴ አብራ አልሄደችም። «በሬ ላይ ነው የምቀበላት» አለች። ምን እንደምትላት ጠዋቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስትለማመድ ሰምቻታለሁ፤ የሚያምር ንግግር ነበር፣ ያለፈውም ግስ በትክክል አልፎ።

መኪናው ቆመ። ሹፌሯ ወረደች። በስልክ ሳያት ካሰብኳት ይልቅ አጭር ናት፤ ትከሻዋ ግን ያው ነው። ኮፍያዋን አውልቃ ደረጃውን ወጣች፣ እናቴ ፊት ቆመች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ በእኛ ቋንቋ፣ አንድ በአንድ፣ ድንጋይ እየቆጠረ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው፦

«እህቴ። እንደምን ከረምሽ።»

«ከረምሽ»ን ትንሽ አጣመመችው። ከወንድሜ እየጠየቀች፣ በየፌርማታው ስትለማመደው ኖራለች።

እናቴ ያሰናዳችውን ንግግር በሙሉ ረሳች። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ እዚያው ደጅ ላይ፣ ሻንጣው መሐላቸው ወድቆ፣ ጎረቤት ሁሉ በመስኮት እያየ፣ ብዙ ቆዩ። ሕፃኗ በእናቷ ክንድ ላይ ሆና የአንዷን ጸጉር ይዛ ትጎትት ነበር።

ከምሳ በኋላ ሕፃኗን ሊያጥቡ ተቀመጡ። ሹፌሯ ጀርባዋን ደግፋ ይዛታለች፤ እናቴ ውሃውን በክርኗ ለካችና ሳፋውን ወደነሱ አስጠጋች። እኔ ፎጣ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«እኔ ማፈር» አለች እናቴ በእንግሊዝኛ። «አንቺ የእኔን ቋንቋ ተማርሽ። እኔ ያንቺን ዜሮ።»

«ጊዜ አለ» አለች ሹፌሯ።

እናቴ ጣቷን ሳፋው ውስጥ ነከረች። «ይሄ። ያንቺ አገር። ምን ይላል?»

ሹፌሯ ቃሉን ነገረቻት። እናቴ ደገመችው። ሹፌሯ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀችና አፏን አሹላ እንደገና አሳየቻት። እናቴም አፏን አሹላ እንደገና ደገመችው፤ ሕፃኗ ሁለቱንም እያየች ውሃውን በመዳፏ መታች። ሦስተኛው ላይ ሹፌሯ «ጥሩ» አለች። እናቴ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና ሳሙናውን አነሣች።

«ይሄስ?» አለች።